ጉልቻው ቢለወጥስ?

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማገዶ በሚነጋገሩበት ቦታ ሁሉ ሁለት ዓይነት ሰዎች አጋጥመውኛል። አንደኛዎቹ «እኛ ድሆች ነን፤ ገና ያልበላነውን ቆጥቡ አትበሉን፤ ቁጠባ የሀብታም አገሮች ፈንታ ነው» የሚሉ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ኃይል ይቆጠብ» ይሉና ቁጠባውን ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከድሃው ቤት አምፖል ነው። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም ጋራ አልስማማም። የማልስማማበትንም ምክንያት በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ለመምህራን፥ ለወላጆችና ለጓደኞቼ ለመግለጥ እወዳለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከወጥ ቤት ስለ ሆነ ወንዶቹ ጓደኞቼ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን እንዳያልፉት አደራ እላለሁ፤ እንጀራውን የሚበሉት እነርሱም ናቸውና።

በአገራችን በየዓመቱ ከሚቃጠለው ኃይል ሁሉ ከዐሥር እጅ ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚገኘው ከእንጨት፥ ከከሰል፥ ከኩበትና ከአገዳ ነው። ኤሌክትሪክና ነዳጅ ዘይት የቀረውን ይካፈላሉ። በየቤቱ ከሚነደውም ማገዶ እኩሌታውን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን የሚውጠው የእንጀራ ምጣድ ነው። እንግዲህ ስለ ኢትዮጵያ ኃይል እናገራለሁ የሚል ሰው ስለ ምጣድ ካልተናገረ ስለ ምን ተናገረ ይባላል?

እ. ኤ. አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋራ ሆነው አንድ ስሌት አሳትመው ነበር። ጥያቄያቸውም፤ የዓለም ሕዝብ ሁሉ በቂ ምግብ፥ ንጹሕ ውኃ፥ ብርድና ሙቀቱ የተመጠነ ቤት፥ ሕክምና፥ ትምህርት፥ መጓጓዣና መብራት አግኝቶ በደኅና እንዲኖር ቢያንስ ምን ያህል ኃይል ይበቃዋል? የሚል ነበር። በሥራ ላይ ያሉት የተሻሉ መሣሪያዎች ለሁሉ ቢዳረሱና ሰውም ከመጠን ያለፈ ቅንጦትን ቢተው፥ ለአንድ ሰው በዓመት 15 ጊጋጁል ያህል ይበቃል የሚል መልስ አገኙ። በዚህም ስሌት እ. ኤ. አ. በ2050 የዓለም ሕዝብ በሙሉ፥ ዓለም በ1960ዎቹ ዓመታት ትጠቀምበት በነበረው መጠን በደኅና ሊኖር ይችላል፤ ሕዝቡ ግን ያን ጊዜ ከነበረው በሦስት እጥፍ የበዛ ይሆናል።

እኔን እጅግ ያስገረመኝ ይህ አይደለም። ያስገረመኝ፥ እንጨቱና ኩበቱ ሁሉ ተቆጥሮ ሲደመር አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚያቃጥለው ኃይል ከዚህ አኃዝ እምብዛም የማይርቅ መሆኑ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቆም ብለህ አስበው! በደኅና ለመኖር የሚበቃውን ያህል እናቃጥላለን፤ ደኅና ኑሮው ግን የለም። ታዲያ ወዴት ሄደ? በጭስ ማውጫ ሄደ እንዳይባል ጭስ ማውጫ የለንም። በዐይናችንና በሳንባችን ገብቶ፥ በሣር ክዳኑና በግድግዳው ላይ ጥላሸት ሆኖ ቀርቷል።

አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ስለ ሹማምንት መለዋወጥ ከሆነ የተናገሩት አልከራከርም፤ ስለ ጉልቻው ራሱ ከሆነ ግን ተረቱን መመርመር ያስፈልጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ከሚነደው እንጨት ሙቀት እንጀራውን የሚያበስለው ከመቶው ዐሥር እጅ ያህሉ ነው፤ የቀረው ሁሉ በጎን እየወጣ ይባክናል። ጉልቻው ቢለወጥ ወጡ ላይጣፍጥ ይችላል፤ ሸክሙ ግን ይቀላል። ሸክሙን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ደግሞ ማለዳ ወደ ጎንደር በሚያስገቡት መንገዶች ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ አህያ ያላት በአህያ፥ አህያ የሌላት በጀርባዋ እንጨት ጭና የምትመጣውን ሴት ያላየ የከተማችን ሰው የለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ. ኤ. አ. በ2020 በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል ነው። ጭሱ ሲገድል ድምፅ ስለማያሰማ ማንም ጉዳዬ አይለውም።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ወደ ወገራ ወጣ ሲሉ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባትና ደባርቅ ያለው ደጋ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ከባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ የሚባል እምብዛም አይታይበትም። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነድዳል። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍጉን ያጣል፤ ፍግ ያጣ ማሳ ፍሬው ያንሳል፤ የተራቆተውንም አፈር ክረምቱ ጠርጎ ይወስደዋል። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ወርዶ የጎንደር ሰው የሚጠጣበትን የአንገረብን ግድብ በደለል ሲሞላው ኖሯል። የወገራ ኩበትና የከተማው ቧንቧ ውኃ ዝምድና ያላቸው የማይመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል። ወደ ሰሜን ተራሮችም ሲዘለቅ አስታው አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ. ኤ. አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 «በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለአደጋው ግጦሹ፥ እርሻውና የሰው ሠፈሩ ምክንያት ሆነው ተቆጥረዋል። ዳሩ ግን በዚያ ብርድ ውስጥ የሚኖር ሰው አስታ አትቁረጥ ሲባል ምን አንድድ እንደ ተባለ ሰምቼ አላውቅም።

የተሻለ ምድጃ የለም እንዳይባል አለ። በ1980ዎቹ ዓ. ም. በአገራችን ባለሙያዎች የተሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከጠጠር በቅርጽ ተሠርቶ እሳቱን ዙሪያውን ይዘጋዋል፤ ከበስተኋላውም ድስት መጣጃ አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲመዛዘን ማገዶውን በእኩሌታ ያህል ይቀንሳል። ለከሰልም «ላቀች» የተባለው አለ። ይህ ሁሉ እያለ ጉልቻው ከቦታው ያልተነሣው ለምንድን ነው? ብዙ የተማሩ ሰዎች «ሕዝቡ ስላልነቃ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ይህን አባባል አልወደውም።

በወገራ የምትኖረው አክስቴ ስለዚህ ምድጃ ስነግራት ዝም ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ «ልጄ፥ እሳቱን ከሸሸጋችሁብኝ ማታ ምን እሞቃለሁ? ልጆቹስ በምን ይተያያሉ?» አለችኝ። እኔ የፊዚክስ ትምህርቴን ይዤ ሄጄ የነበርኩ ሰው መልስ አጣሁ። እርስዋ በአንድ እሳት ሦስት ነገር ታገኛለች፤ ታበስላለች፥ ትሞቃለች፥ ታያለች። በደባርቅና በዳባት ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሦስቱ ሁለቱን ወስዶ አንዱን ብቻ የሚሰጣትን ምድጃ እምቢ ብትል ያልነቃው ማን ነው? ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለደጋው ሰው ምድጃ የሚሰጥ ሰው አብሮ በፀሐይ የሚሠራ መብራት መስጠት አለበት፤ ስለ ቤቱም ማሰብ አለበት። ቆርቆሮ ጣራ ያለ ኮርኒስ ቀን ያቃጥላል፤ ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። በጭድ በደንብ የተቦካ ወፍራም የጭቃ ግድግዳና ከቆርቆሮው ሥር የተወጠረ ኮርኒስ የአንድ ሸክም እንጨት ሥራ ይሠራሉ። ይህ ከውጭ አገር የሚመጣ ጥበብ አይደለም፤ አያቶቻችን ግድግዳ ሲያወፍሩ ያውቁት ነበር። አሁን ግን ቆርቆሮ የክብር ምልክት ስለ ሆነ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ወላጆች ሊጠቀሙበት ይችሉ ይሆናል። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በጎንደር በ93፥ በደባርቅ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ባቄላውና ሽምብራው አልበስል የሚለው በእናቶቻችን ስንፍና አይደለም። ከዋዜማው ዘፍዝፎ ማደርና ድስቱን በሚገባ መክደን ብዙ ማገዶ ያድናሉ። እሳቱን ማብዛት ግን የሚንተከተከውን ውኃ ያተንነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምርለትም።

አሁን ወደ ከተማ እንመለስ። በጎንደር መብራት በገባበት ቤት ሁሉ የሚታየው ምኞት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ምኞቱም ትክክል ነው። ምጣዱ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ኃይል አንድ ባለ 9 ዋት አምፖል በየማታው አራት አራት ሰዓት እያበራ ከስድስት ወር በላይ ይዘልቃል። «አምፖል አጥፉ» እያሉ ቀኑን ሙሉ የሚመክሩን ሰዎች ይህን ቢያሰሉት መልካም ነበር። አምፖሉ ይጥፋ፤ አልቃወምም፤ ለድሃ ልጅ ማጥኛ የሆነውን አምፖል አጥፍቶ አገር እናድናለን ማለት ግን ቀልድ ነው።

ያም ሆኖ ምጣዱ ኃይል በላተኛ ነው ተብሎ መጠላት የለበትም። የእንጨቱን ብክነት አስቀርቶ በብዙ እጥፍ ያነሰ ኃይል ያንኑ እንጀራ ይሰጠናልና። የኤሌክትሪክ ፍጆታችን እየጨመረ አገሪቱ በጠቅላላው የምታቃጥለው ኃይል እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ይህ ለአንዳንዶች እንቆቅልሽ ይመስላቸዋል፤ እናቴ ግን እንጨት መግዛት ባቆመች ጊዜ ያለ ስሌት ገባት።

ችግሩ ያለው ከቆጣሪው ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ጥቂት የተጠቀመ በአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ጥቂት ይከፍላል፤ ብዙ የተጠቀመ ደግሞ ከፍ ያለ ዋጋ። የመጀመሪያውና ርካሹ ደረጃ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በወር ነው። አሳቡ ለድሃው የታሰበ መልካም አሳብ ነው። ዳሩ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚጋግር ቤተሰብ በአራት ሳምንት ምጣዱ ብቻውን 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ደረጃውን አለፈ ማለት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። እኛ በምንኖርበት ግቢ አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። የአራታችን ፍጆታ ተደምሮ እንደ አንድ ሀብታም ሰው ፍጆታ ይቆጠራል። ብቻውን በሰፊ ግቢ የሚኖረውና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ከእኛ ያነሰ ዋጋ የሚከፍልበት ወር አለ። ሂሳቡ በመጣ ቀን በግቢያችን የሚነሣውን ጭቅጭቅ ለመግለጥ ይህ ገጽ አይበቃም። ታሪፉ ደግሞ ከ2017 ዓ. ም. መጀመሪያ አንሥቶ በየጊዜው ከፍ እንዲል ተወስኗል። ድሃው ከርካሹ ደረጃ እየተገፋ ወደ ከሰል ከተመለሰ የተሠራው ግድብ ለማን ተሠራ?

ለዚህ የሚመለከታቸው ሰዎች መልስ ይፈልጉለት ዘንድ እለምናለሁ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቆጣሪ ማዳረስ ቢዘገይ እንኳ በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ቆጥሮ ርካሹን 50 በቤተሰቡ ልክ ማብዛት ይቻላል። ቀበሌው ቤተሰቡን ለሌላ ጉዳይ ሁሉ ቆጥሮት የለምን?

ከእኛ የሚጠበቅም አለ። በከተራ ዋዜማ በጎንደር ያለ ምጣድ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይጣዳል፤ ትራንስፎርመሩ አልችል ይልና ሠፈሩ ይጨልማል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ጉልቻው ይሮጣል፤ ከሰልም በዚያው ማታ ዋጋው ይወጣል። የሠፈር ሴቶች በተራ ቢጋግሩ ግን መስመሩም ይችላል፤ ምጣዱም ያተርፋል። ምጣድ ከበረድ ተነሥቶ እስኪግል ድረስ የሚበላው ኃይል ከንቱ ነው፤ የጋለውን ምጣድ ሳያበርዱ ሁለተኛዋ ሴት ሊጧን ይዛ ብትቀጥል ያ ሁሉ ይተርፋል። እናቴና ጎረቤታችን ይህን ካደረጉ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። የመጀመሪያው ችግር የኃይል ሳይሆን የሊጥ ነበር፤ የማን ሊጥ ቀድሞ ኩፍ አለ እየተባለ ትንሽ ተኰራርፈው ነበር። አሁን ተለማምደውታል።

ስለ ግድቦቻችን ያለኝን አስተያየት በአጭሩ ልናገር። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ፤ የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት በ2002 ዓ. ም. ተጨመረ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመረቀ። ለዚህ ግድብ የተማሪ ቤት ልጆችም ከኪሳቸው አዋጥተዋል፤ ስለዚህ የመጠየቅ መብት ያለን ይመስለኛል። ከሕዝባችን እኩሌታው ያህል ገና መብራት በቤቱ አላየም። በዚህ ጊዜ ከውጭ አገር መጥተው ሌሊትና ቀን ኮምፒዩተር በማስሮጥ የዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ኩባንያዎች የአገራችን ኃይል ገዢዎች ሆነዋል። የውጭ ምንዛሪ ያስገባሉ ይባላል፤ ይሁን። ከዚያ ገቢ ምን ያህሉ የወገራ ምሰሶና ሽቦ ሆነ? ብሎ መጠየቅ ግን ምቀኝነት አይደለም። ይልቁንም ፍጆታ ይቀነስ ከተባለ መቀነስ ያለበት ማንንም የማያበላው ነው።

ስለ መኪናም ያው ነው። በ2016 ዓ. ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድን ሰው ብቻ ከአዘዞ ፒያሳ የሚያመጣ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና ሃምሳ ሰው የሚያመጣ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ እኩል ሊወደሱ አይገባቸውም። ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስፈልገን ሁለተኛው ነው።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን የማቀርበው አንድ አሳብ አለኝ። «ምድጃውን ማን ይግዛ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ነገሩን ያቆመዋል፤ ለአንዲት ድሃ ሴት የምድጃው ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚወጣ አይደለምና። በየሠፈሩ ግን ዕድር አለ። ዕድር ድንኳን ይገዛል፥ ትልልቅ ድስቶች ይገዛል፥ ወንበር ይገዛል፤ ይህም ሁሉ ለሞት ቀን ነው። ለሕይወት ቀን ደግሞ በወር ሁለት ሁለት ምድጃ እየገዛ በዕጣ ለአባሎቹ ቢሰጥና ዋጋውን ከወርኃዊ መዋጮ ጋራ ቢሰበስብ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሠፈሩን ያዳርሳል። ይህን ለማሳመን ግን አኃዝ ያስፈልጋል፤ ያውም ከሌላ አገር የመጣ ሳይሆን የእኛው ሠፈር አኃዝ። የፊዚክስ ክፍላችን ሚዛን አለው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚመጣው ዓመት ሁለት ሁለት እየሆኑ፥ ወንዶቹም ሳይቀሩ፥ በየቤታቸው ለአንድ ጋገራ የሚነደውን እንጨት ከመነደዱ በፊት ቢመዝኑ፥ በጉልቻና በምርጥ ምድጃ የወጣውን ቢያስተያዩና የእንጀራውን ቁጥር ቢጽፉ ለዕድር ዳኞች የሚቀርብ ሠንጠረዥ ይገኛል። እኔ ያን ጊዜ ፈተናዬን ጨርሼ እሄዳለሁ። እናቴ ግን የእኛ ቤት ለሚዛኑ ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ይምጡ ብላለች።